በመጨረሻው ጠዋት ከመርከብ ስንወርድ ያጠፋው ማን ነው?

ጥያቄውን የጻፍኩት ቅዳሜ ማታ ነው። ደሴ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ስልኬም ሊዘጋ ምንም አልቀረው። የጻፍኩበት መድረክ የወሎ ልጆች የሚሰባሰቡበት ነው። ከፒያሳና ከሰኞ ገበያ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከከሚሴ፣ ከባቲ የሚጽፉ አሉ። ግማሹ ደግሞ ጅዳ፣ ዱባይ፣ ቨርጂኒያ ነው ያለው። ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ሐረጎ መንገድና ስለ ሰርግ ነው። ስለ መርከብ የጠየቀ ሰው ከኔ በፊት አላየሁም። ሁለት ሦስት ሰው ይመልስልኛል ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ 17 ደርሷል። በማግስቱ ማታ 41 ሆነ። ቃል በቃል ልገልብጠው አልፈልግም። አንዳንዱ በንዴት የተጻፈ ነው፤ ነገ ባለቤቱም ያፍርበታል። እኔ እንደገባኝ ልንገራችሁ።

መነሻ ጽሑፌ ይህን ይመስላል። እህቴ ሚላኖ ነው የምትኖረው። እማን ለማስደሰት ብላ ለሦስታችን የመርከብ ጉዞ ቆረጠች። ከጄኖቫ ተነስቶ ማርሴይንና ባርሴሎናን አድርጎ የሚመለስ፣ የ7 ሌሊት። እማ እስከዚያ ድረስ ያየችው ትልቁ ውሃ የሐይቅ ሐይቅ ነው። ሳምንቱ ማር ነበር። ነገሩ የተበላሸው በመጨረሻው ጠዋት ነው።

ለማያውቅ ሰው፦ ከመርከብ መውረድ ከታክሲ እንደመውረድ አይደለም። በዋዜማው ክፍልህ ድረስ ወረቀት ይመጣል። ትልልቁን ሻንጣ ባለቀለም ታግ አስረህ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በፊት በር ላይ ታወጣለህ። ሠራተኞች ሌሊቱን ሰብስበው ይወስዱታል። ወደቡ አዳራሽ ውስጥ በየቀለሙ ተደርድሮ ታገኘዋለህ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ክፍሉን ትለቃለህ። ከዚያ ቀለምህ እስኪጠራ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። የኛ ሐምራዊ ነበር።

እማ ሱብሂ ሰግዳ አልጋውን አነጠፈች። አንሶላው ሊቀየር ነው ብንላት፣ የተዘበራረቀ አልጋ ትቼ አልሄድም አለች። መታጠቢያ ቤቱንም ወለወለችው። ልንወጣ ስንል ሳምንቱን ሙሉ ክፍላችንን ሲያጸዳ የነበረው የፊሊፒንስ ልጅ ጋሪውን እየገፋ መጣ። እማ እዚያው ኮሪደር ላይ መዳፏን ዘረጋች። ዱአ ጀመረች። ለእናቱ፣ ለአባቱ፣ ገና ላላገባት ሚስቱ፣ ለሚወልዳቸው ልጆች። ልጁ አማርኛ አይሰማም። ግን በሳምንቱ ውስጥ አሚን ማለትን አስተምራው ስለነበር፣ አንገቱን ደፍቶ አሚን ይላል። የመርከብ ኮሪደር ደግሞ ጠባብ ነው። ጋሪው አንዱን ጎን ይዟል፣ እማ ሌላውን። ከኋላ ሻንጣ የሚጎትት ሕዝብ ተሰለፈ። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ሌላው ጉሮሮ ከመጥረግ አለፈ።

ከዚያ ሊፍት። እህቴ ቀድማ ወርዳ ሻንጣ አዳራሹ ውስጥ ትጠብቀናለች። እማ ግን በሩ በተከፈተ ቁጥር አጠገቧ ለቆመው ሁሉ እጇን ዘርግታ ይለፉ፣ በሞቴ ትላለች። እኛ አገር ይለፉ የተባለ ሰው ኧረ እርስዎ ይቅደሙ ይላል። ፈረንጅ ይለፉ ካሉት ያልፋል። ሁለቴ አይለመንም። አራት ሊፍት ሞልቶ ሄደ። ስንወርድ ሐምራዊ ከተጠራ ቆይቷል። የሚላኖው ባቡርም አመለጠን። እህቴ አዳራሹ መሃል እማን ተቆጣቻት። ይሄ ደሴ አይደለም አለቻት። እማ አልመለሰችላትም። እስከ ሚላኖ ድረስም ቃል አልወጣትም።

እና ያጠፋው ማን ነው? ብዬ ጠየቅኩ።

1፦ የመጀመሪያው መልስ የመጣው ከከሚሴ ነው። ጸሐፊዋ አብሽሪ ብላ ነው የጀመረችው። የእናት ዱአ በሰዓት አይለካም፣ ባቡር ይመጣል ይሄዳል ባይ ናት። እህቴም ጉልበት ስማ ይቅርታ እንድትጠይቅ መከረች። ብዙ ሰው ወደደላት። እኔም ወደድኩላት።

2፦ አንድ ሰውዬ ቲኬቱ ስንት እንደሆነ ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም። ይህን ሰውዬ ያዙልኝ።

3፦ ከቨርጂኒያ የምትጽፈው እህት አራት ጊዜ በመርከብ ሄዳለች፤ አራቱንም ከፍሎሪዳ። በትህትና ነው የጻፈችው፤ ግን ከእህቴ ጎን ቆመች። ነገሩን ያየችው በሥራው በኩል ነው። መርከቡ ጎህ ሲቀድ ወደብ ይደርሳል። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት አካባቢ ሌላ ሕዝብ ይዞ ይወጣል። በመሃል ያለችው ጊዜ ጠባብ ናት። መጀመሪያ የወደቡ ሹማምንት መርከቡን ይፈቅዳሉ፤ እነሱ ሳይፈቅዱ በር ላይ ቢሰለፉ ትርፉ እግር መቆም ነው። ከዚያ ሻንጣው ይወርዳል፣ ሰው ይወርዳል፣ ክፍሉ ሁሉ ይጸዳል፣ ምግብ ይጫናል። የቆየው ተሳፋሪ ተጠርጎ ሳይወጣ አዲሱ አይገባም። አንድ ክፍል ውስጥ የተኛ ሰው ካለ በስሙ በድምፅ ማጉያ ይጠራል፤ ሺህ ሰው ደጅ ቆሞ ይጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ሥራ የጀመረውን አይከን ኦፍ ዘ ሲስን ምሳሌ አመጣች። ሲሞላ እስከ 7,600 ተሳፋሪ ይይዛል። ይህን ሁሉ ሰው በሞቴ ይለፉ እየተባባልን ብናወርደው መቼ እንደሚያልቅ አስቡት ብላ ተወችው።

4፦ ዱባይ ያለ ልጅ በሳቅ ገባ። ወንድሙ አባታቸውን መርከብ አሳፍሯቸው ነበር። አባትየው ትእዛዝ አክባሪ ናቸው። በዋዜማው ሻንጣችሁን አውጡ ሲባል፣ ያላቸውን ልብስ በሙሉ አጣጥፈው ከተው በር ላይ አወጡ። ጫማውንም ጭምር። ጠዋት ሲነቁ የቀራቸው ፒጃማና ጋቢ ነው። ምን ያድርጉ? ጋቢውን ደረቡ፣ ከዘራቸውን ያዙ፣ በክፍሉ ነጠላ ጫማ በክብር ወረዱ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። አንዳንዱ ፎቶ አነሳ። አባትየው እስካሁን ጳጳስ መስያቸው ነው ይላሉ አሉ።

5፦ ሮም የሚኖር ሰው ቨርጂኒያዋን አረማት። ያለችው ለፍሎሪዳ እውነት ነው። ለጄኖቫ ግን ሙሉ በሙሉ አይሠራም። ሜዲትራኒያን ላይ ዙር የሚሠሩ ብዙ መርከቦች በየወደቡ ያሳፍራሉ፣ በየወደቡም ያወርዳሉ። ባርሴሎና የገባ ሰው ሳምንቱ ሲሞላ ባርሴሎና ይወርዳል። ስለዚህ ለኛ የመጨረሻ የሆነው ጠዋት ለሌላው ሰው የጉዞው አጋማሽ ነው። እሱ የሚወርደው ከተማ ሊያይ ነው፤ ሊፍቱን የሚያጨናንቀውም እሱው ነው። እማ መርከብ አላቆመችም፤ ያስቆመችው ኮሪደር ነው ብሎ ደመደመ። ይህ መልስ ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ ያለኝ ለእማ ስለሚያደላ ነው።

6፦ ቨርጂኒያዋ ተመለሰች። ትህትናዋ ቀንሷል። ከፍሎሪዳ ብላ መጻፏን፣ ማንበብ የሚችል ሰው ያየዋል ብላ አስታወሰችው። ልክ ናት፣ ብላለች።

7፦ ከዚያ ኮምቦልቻ የሚኖሩ አንድ አባት ገቡ። የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። መንገዱ ክፍት በነበረበት ዘመን፣ ከ1990 ዓ.ም. በፊት፣ በባቲና በሚሌ አድርገው ዓሰብ ይመላለሱ ነበር። ተራ እስኪደርሳቸው ወደብ ላይ ብዙ ሌሊት መኪና ውስጥ አድረዋል። ሽርሽር የሚሄድ ሰው የጫነ መርከብ አላዩም። ስንዴና ማዳበሪያ የጫነ ግን አይተዋል። እዚያ የተማሩትን ነገሩን። በመርከብ መሰላል ላይ ወራጅ ይቀድማል፤ ወራጁ ሳያልቅ የሚወጣው እግሩን አያነሳም። ሸክም ያለው ደግሞ ሁሉንም ይቀድማል። ባዶ እጁን ያለ ሰው፣ አለቃም ቢሆን፣ ግድግዳ ይጠጋል። ይለፉ መባባል የሚባል ነገር የለም፤ ሸክሙ ራሱ ይናገራል። ከዚያ ስለ ዓሰብ ሙቀትና ስለ ዓሳው ቀጠሉ። ረጅም ነው። ሁሉንም አነበብኩት።

8፣ 9፣ 10፦ አንድ ወጣት ዓሰብ እዚህ ምን አገባው ብሎ ጻፈ። ከባቲ አንዲት እናት ጋሼን እንዲህ አትናገርም ብለው ገሠጹት። ልጁ ይቅርታ ጠየቀ፤ ግን ይቅርታው ውስጥ ጽሑፉ ረዝሟል የምትል ነገር ሸጉጧል።

11፦ ከሐይቅ ከተማ የጻፈው ልጅ ወደ ቁም ነገሩ መለሰን። እሱ የሚያውቀው ትንሽ ጀልባ ነው። ትንሽ ጀልባ ላይ ትህትና ያሰምጣል ይላል። ዳር ሲደርስ ሁሉም ተነስቶ አንተ ቅደም፣ አንቺ ቅደሚ ከተባባለ ጀልባው ያዘነብላል። ለዳሩ የቀረበው ይወርዳል፣ ሌላው ቂጡን ከመቀመጫው አያነሳም። አንድ ሰው ሲቆም ሌላው ይቀመጣል። ሽማግሌም ቢሆን ተራውን ይጠብቃል፤ እንዲያውም ሽማግሌው የሚወርደው ታች እጁን የሚይዘው ሰው ቀድሞ ሲወርድ ነው። ከሁሉም መልስ ይህን ለእማ መጀመሪያ አነበብኩላት።

12፣ 13፦ እዚህ ላይ የውይይቱ ክር ተበጠሰ። አንዱ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ደሴት ነው አለ። ሌላው ድሮ ነበር፣ አሁን በየብስ ተገናኝቶ በእግር ይገባል፣ ሄደህ እይ አለው። ከዚያ ስለ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ፣ ስለ 13ኛው ክፍለ ዘመን፣ ሴት ለምን አትገባም እየተባለ ሄደ። እኔ ራሴ ገብቼ ወደ መርከቡ ተመለሱ ብዬ ለመንኩ።

14፦ ኮምቦልቻ ያለች ነርስ ናት። አጭርና ጥርት ያለ። ያን ሌሊት በር ላይ የሚወጣው ሻንጣ እስከ ነገ ጠዋት ወደቡ ላይ ካልሆነ አይገኝም። የደም ግፊት ክኒን፣ የስኳር መድኃኒት፣ መነጽር፣ ፓስፖርት፣ የስልክ ቻርጀር እዚያ ውስጥ መግባት የለበትም። እናቷ ሐጅ ሲሄዱ መድኃኒታቸውን ከትልቁ ሻንጣ ጋር ለቀው ቀኑን ሙሉ ሲፈለግ እንደዋለ ጻፈች። መርከብም ሆነ አውሮፕላን ያው ነው። ለ4ኛው ልጅም አንድ ጥንድ ልብስና ጫማ ማስቀረት እንዳይረሳ ለአባቱ ይነገርልኝ ብላለች።

15፣ 16፣ 17፦ ሌሊት ላይ ነው። አንዱ መጣና አገሩን እዩት፣ የጤፉን ዋጋ እዩት፣ እናንተ ስለ መርከብ ሊፍት ትከራከራላችሁ ብሎ አወረደብን። እህቴንም እኔንም ሰደበ። አንዱ ደግፎት ጻፈ። ሌላው የማይመለከትህን ክር ዝለል አለው። እኔ ጠዋት ነው ያየሁት። ምን እመልሳለሁ? ጤፉ እውነት ነው። ለእማ ቲኬት የወጣው ብር ደሴ ላይ ስንት ወር ቤት እንደሚያስተዳድር እኔም አስቤዋለሁ፤ መርከቡ ላይ ሆኜ ጭምር። ይህንኑ ጻፍኩለት። አልመለሰም።

18፦ ከዚያ ይህ መጣ። ጸሐፊው በ2014 ጥቅምት ከደሴ በእግር የወጣ ሰው ነው። ሐረጎን ቁልቁል፣ ልጅ በጀርባ፣ ፌስታል በእጅ። አንድ አይሱዙ ቆሞ ሰው ሲጭን፣ አንድ ሽማግሌ ከኋላው በር ሥር ቆመው ነበር። ሕፃን የያዘችውን ሁሉ እየደገፉ ያወጣሉ። እራሳቸው አልወጡም። መኪናው ሲሞላ በሩን ከውጭ መትተው ሂድ አሉት። የርሷ እናት ሊፍት ሲያሳልፉ እኚያ ሽማግሌ ትዝ አሉኝ ብሎ ነው ያበቃው። ለሦስት ሰዓት ያህል ማንም ምንም አልጻፈም።

19፦ ዝምታውን የሰበረው የቲኬቱን ዋጋ የጠየቀው ሰውዬ ነው። ደግሞ ጠየቀ።

20፦ አንዲት ሴት ስለ ስንቅ አመጣች። እናቷ በመጨረሻው ቁርስ ላይ ብርቱካንና ዳቦ በሻሽ ቋጥረው ይዘው ሊወርዱ ነበር። ማያሚ ወደብ ላይ የሚያነፈንፍ ውሻ አጠገባቸው ቁጭ አለ። አሜሪካ ፍራፍሬና ሥጋ ይዞ መግባት በአብዛኛው ክልክል ነው፤ የመርከቡ ቡፌ የሰጠህም ቢሆን። እናትየው ውሻው የወደዳቸው መስሏቸው ዳቦ ሊቆርሱለት ነበር።

21፣ 22፦ አንዱ ቆፍጣና ሰው ስለ ደረጃ ጻፈ። በመጨረሻው ጠዋት ሰው ሻንጣውን ይዞ ደረጃ ላይ ይቀመጣል፣ ሊፍት በር ላይ ይቆልላል። ነውር ብቻ አይደለም፣ አደጋ ነው ባይ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2012 ጣሊያን ጠረፍ ላይ የተገለበጠችውን ኮስታ ኮንኮርዲያን አስታወሰ። 32 ሰው ሞቷል። ከዚያ ወዲህ የአደጋ ጊዜ ልምምዱ ከወደብ ሳይወጡ እንዲደረግ ጠበቀ። መውጫ የተባለ ቦታ ባዶ መሆን አለበት ይላል። የመጣለት መልስ ሴትዮዋ ስለ ዱአ ጠየቀች እንጂ ስለ መስመጥ አልጠየቀችም የሚል ነው። እኔ ግን ሰውዬው ልክ ይመስለኛል። እማም ብትሆን ኮሪደር ዘግታለች።

23፣ 24፣ 25፦ መናኸሪያ ገባን። ይህ ሳይነሳ የሚያልቅ ክር የለም። አውቶቡሱ ሳይቆም የሚነሳው፣ ሻንጣው እስኪወርድ ከረዳቱ ጋር የሚጣላው፣ በመስኮት ዕቃ የሚያቀብለው። አንዱ የአዲስ አበባው አውሮፕላን ኮምቦልቻ ሲያርፍ ገና ሳይቆም የሚፈታው የቀበቶ ድምፅ እንደ በቆሎ ፈንዲሻ ነው አለ። በር ተዘግቶ ሁሉም ጎንበስ ብሎ ይቆማል። ማንም አይቀድም። ቁጭ ብሎ የጠበቀውም እኩል ሻንጣ ጥበቃ ላይ ይገናኛል።

26፦ ስጠብቀው የነበረው መልስ ይህ ነው፤ እንደምጠብቀው ግን አላውቅም ነበር። የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ሁለት ኮንትራት መርከብ ላይ ክፍል ሲያጸዳ ሠርቷል። በሱ እጅ 16 ክፍል ነበር። በማውረጃው ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሳል። ሰው ከክፍል እስኪወጣ ኮሪደር ላይ ጋሪውን ይዞ ይቆማል። ከወጣ በኋላ አንሶላ ይገፈፋል፣ ፎጣ ይሰበሰባል፣ መታጠቢያ ቤት ይታጠባል፣ አልጋ ይነጠፋል። 16 ጊዜ። ምሳ ሰዓት ሳያልፍ አዲሱ ሰው ሻንጣውን እየጎተተ ይመጣል። 2 ሰዓት ልቀቁ ተብሎ 3 ሰዓት ድረስ አልጋ ላይ ተኝቶ ቴሌቪዥን የሚያይ ሰው የሚሰርቀው የዚህን ልጅ ምሳ ነው።

እማ ስላነጠፈችው አልጋ ሲጽፍ የሳቀ ይመስለኛል። የተነጠፈ አልጋ መልሶ መግፈፍ ነው፤ አንሶላውን ጠቅልሎ አልጋው ላይ መጣል ነው የሚያግዘው። ፎጣውንም አንድ ቦታ መከመር። ስለ ዱአው ግን ሌላ ነገር ጻፈ። ሳምንቱን ሙሉ በስሙ ሲጠሩት የነበሩ ሰዎች በመጨረሻው ጠዋት እንደ ግድግዳ ያልፉታል። ሻንጣቸውን ነው የሚያዩት። ሁለት ኮንትራት ሠርቶ ቆሞ የመረቀው ሰው የለም። አራት ደቂቃ ቢወስድበት ይሰጥ ነበር። ቦታው ነው የተሳሳተው፤ ኮሪደር ላይ ሳይሆን ክፍል ውስጥ ቢሆን ማንም አይዘጋም ነበር። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ዋዜማው ነው። አጽጂው ማታ አልጋ ሊያዘጋጅ ሲመጣ ሰዓት አለው። ያኔ ነው መሰናበት፣ ያኔ ነው ጉርሻ በፖስታ መስጠት፣ ያኔ ነው መመረቅ። ስለ ሊፍቱም አንድ መስመር ጨመረ፦ እግር ያለው በደረጃ ይውረድ፣ ሊፍቱ ለዊልቸርና ለአቅመ ደካማ ነው።

27፣ 28፦ ቨርጂኒያዋ ስለ ፖስታው ጠየቀች። እሷ ባለችበት የአገልግሎት ክፍያ በየቀኑ በሰው ሂሳብ ላይ ይደመራል፤ ታዲያ ድጋሚ መስጠት ያስፈልጋል ወይ? ልጁ ግዴታ እንዳልሆነ መለሰ። የሚደመረው ለማይታዩትም እንደሚከፋፈል ነገራት፤ ለልብስ አጣቢው፣ ለወጥ ቤቱ። ፖስታው የፊት ለፊቱ ሰው ነው።

29፣ 30፦ ጠብ። አንዱ ደመወዝ መክፈል የመርከቡ ባለቤት ዕዳ ነው፣ እኔ በመጨረሻው ማታ መቀበያ ክፍል ሄጄ ያን ክፍያ አስሰርዣለሁ አለ። ኩራት ነበረበት። የኮምቦልቻው ልጅ ሳይሰድበው መለሰለት። መቀበያው ፊት ያን ማታ የተሰለፈውን ሰው ኮሪደር ላይ ሆነን እናየው ነበር አለ። ከዚህ በላይ አልጻፈም።

31፣ 32፦ ሻንጣ ላይ ቀይ ጨርቅ እሰሩ፣ ጥቁር ሻንጣ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው የሚል ምክር። እማ የመቀነት ቁራጭ አስራ ነበር። ሌላው አመስግኗል።

33፦ እህቴ።

አባል መሆኗን አላውቅም ነበር። ከሚላኖ ነው የጻፈችው፤ ሙሉውን አንብባ። አልተቆጣችም፤ ያ ነው የከፋው። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። አራት ሊፍት ማለፉን በምን ቆጠርሽው? ከዚያ ራሷ መለሰች። እውነቷን ነው፣ እኔ ያኔ ከእማ ጋር ሊፍት በር ላይ አልነበርኩም። ላይ፣ ቡፌው ውስጥ፣ እንቁላል የሚጠበስበት ሰልፍ ላይ ነበርኩ። የዚያን ዕለት የለጠፍኩት የቁርስ ፎቶ ሰዓቱን ይናገራል፤ ሐምራዊ ከተጠራ በኋላ ነው። እህቴ ስትደውልልኝ ስልኬ ኔትወርክ አልነበረውም። እማ ሰውን ሁሉ ታሳልፍ የነበረው እኔ ሳልመጣ መውረድ ስላልፈለገች ነው። አዳራሹ ውስጥ ስትቆጣት ዝም ያለችውም እኔን ላለማጋለጥ ነው። እህቴ ፎቶውን ያየችው ከወር በኋላ ነው። ያን ቀን ደሴ ደውላ እማን ይቅርታ ጠይቃታለች። እኔ ግን ይኸው ስድስት ወር ሆነኝ፤ ሕዝብ ሰብስቤ ይፈረድ ብያለሁ።

አልዋሸሁም። ሊፍቱ አራት ጊዜ ተከፍቶ መዘጋቱ እውነት ነው፤ ስደርስ እማ እየሳቀች ነግራኛለች። ለምን እንደሆነ ነው ያልጻፍኩት። እንቁላሉ ደግሞ ጨው እንኳ አልነበረውም።

ከ34 እስከ 37፦ እነዚህን ባልተርክ ይሻላል። የከሚሴዋ፣ ያች አብሽሪ ያለችኝ፣ የወደደችልኝን ሁሉ መልሳ ወሰደች። ቨርጂኒያዋ አንድ ሳቅ ብቻ ላከች። የዓሰቡ አባት ጥፋትን ማመን ጨዋነት ነው ብለው ትንሽ አዳኑኝ፤ ከዚያ ወደ ዓሳው ተመለሱ።

38፦ የቲኬቱ ሰውዬ። ለሦስተኛ ጊዜ።

39፦ እሁድ ከሰዓት ቡና አፍልቼ እማን አስቀመጥኳት። ከአንድ እስከ 38 አነበብኩላት። 33 ላይ ስደርስ ድምፄ ተንቀጠቀጠ። እማ ሲኒውን አስቀመጠችና ጨው ለምን አልጠየቅሽም አለችኝ። ስለዚያ ሌላ ምንም አላለችም። ስለ አንድ ሰው ብቻ ነው የጠየቀችኝ። የኮምቦልቻው ልጅ፣ ቆሞ የመረቀው የለም ያለው፣ እናቱ አለች ወይ? ጠየቅኩት።

40፦ አለች፣ አብረን ነን ብሎ መለሰ። እማ ሰዓቱ ስንት እንደሆነ ጠይቃ፣ ማታ ከሆነ ደህና ነው አለች። መዳፏን ዘረጋች። እሷ ስትል እኔ ጻፍኩ። ለእናቱ፣ ለእጁ፣ ላጸዳቸው 16 ክፍሎች፣ ለሚገባባቸው ቤቶች። ረጅም ነው። እዚያ ያለ ሰው ያንብበው።

41፦ አሚን ብሎ የቀደመው የቲኬቱ ሰውዬ ነው።